አባሪው ውስጥ ምን አለ? ከኢሜይል ተነስቶ በፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ

«ዊንዶውስ 10 አበቃለት አሉ። ታዲያ ኮምፒውተሬ በቫይረስ ሊበላ ነው?» ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወዲህ በባሕር ዳርም፣ በደብረ ማርቆስም፣ በቡሬም ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ይሰማሉ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሳም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጠው የነበረውን የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ችግሩ ወሬው ሲዞር መደበላለቁ ነው። አንዱ «የማያውቁትን ኢሜይል መክፈት ብቻውን ኮምፒውተር ያበላሻል» ይላል። ሌላው «እኔ የምጠቀመው ቴሌግራም ነው፤ የኢሜይል ቫይረስ አይመለከተኝም» ይላል። ሦስተኛው አንቲቫይረስ ስለጫነ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ሦስቱም ንግግሮች የተወሰነ እውነት አላቸው። ተማምኖባቸው የሚቀመጥ ሰው ግን ይጠቃል።

ብዙው የደህንነት ምክር የሚጻፈው አንድ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ኢሜይል ታስቦ ነው። በጎጃም ከተሞች ግን አንድ የኢሜይል ሰነድ ከመነበቡ በፊት በብዙ እጅ ያልፋል። ኮምፒውተር ቤት ይወርዳል። በፍላሽ ይገለበጣል። ቢሮ ይከፈታል። ሌላ ቦታ ይታተማል። አደጋው የሚገዝፈው በዚህ ቅብብል ላይ ነው። ምክሩም ይህን ቅብብል ካላየ ብዙ አይረዳም።

አባሪና ማኅተም

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የጻፈ ሰው «አባሪ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ከደብዳቤው ግርጌ «አባሪ፦ 3 ገጽ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከሥሩ ግልባጭ የሚደረግላቸው ይዘረዘራሉ። በኢሜይል አታችመንት የምንለው ያው አባሪ ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። የወረቀት አባሪ ይነበባል እንጂ ሌላ ነገር አያደርግም። የኢሜይል አባሪ ሲከፈት ራሱ ሥራ ሊጀምር ይችላል። ፋይል ሊያጠፋ፣ የይለፍ ቃል ሊሰርቅ፣ ራሱን ለሌላ ሰው ሊልክ ይችላል።

ሌላም ልዩነት አለ። በወረቀት ደብዳቤ ላይ ራስጌ፣ ቁጥር፣ ፊርማና ክብ ማኅተም እናያለን። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይቀበለውም። በኢሜይል ላይ ግን የላኪው ስም ማለት ላኪው የጻፈው ነገር ማለት ነው። ማንም ሰው አንድ አካውንት ከፍቶ ስሙን «የግዥና ፋይናንስ ቡድን» ብሎ መሙላት ይችላል። ተቀባዩ በስልኩ ሲያየው ስሙ ብቻ ነው የሚታየው። ትክክለኛው አድራሻ ስሙ ሲነካ ነው የሚወጣው። አብዛኛው ሰው ደግሞ አይነካውም።

ቃላቱንም እናጥራ። ቫይረስ በጥብቅ ትርጉሙ ከሌላ ፋይል ጋር ተጣብቆ የሚባዛ ፕሮግራም ነው። ዎርም ደግሞ ትል ማለት ነው፤ ማንንም ሳይጠብቅ ራሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ትሮጃን ጠቃሚ ነገር መስሎ የሚገባ ነው። ራንሰምዌር ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ቤዛ የሚጠይቅ ነው። ባለሙያዎች ሁሉንም በአንድ ላይ ማልዌር ይሏቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ግን ሰው እንደሚናገረው «ቫይረስ» እያልን እንቀጥላለን።

ከሚያውቁት ሰው የሚመጣ ደብዳቤ

የዚህ ጥቃት ታሪክ ከ25 ዓመት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ሜሊሳ የተባለ ቫይረስ በዎርድ ሰነድ ውስጥ ተደብቆ ወጣ። ሰነዱን የከፈተ ሰው ኮምፒውተር አድራሻ መዝገብ ውስጥ ካሉት ለመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ራሱን ይልክ ነበር። በዓመቱ፣ በግንቦት 2000፣ ከፊሊፒንስ የተነሳው «አይ ላቭ ዩ» ተከተለ። የፍቅር ደብዳቤ መስሎ የመጣው ያ አባሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ኮምፒውተሮችን አዳረሰ።

ያን ያህል የሮጠበት ምክንያት ዛሬም አልተለወጠም። ደብዳቤው የመጣው ከማያውቁት ሰው አልነበረም። ከሥራ ባልደረባ፣ ከዘመድ፣ ከደንበኛ ነበር የመጣው። የፋይሉ ስም በ«ቲኤክስቲ» ያለቀ ይመስላል፤ ተራ ጽሑፍ ማለት ነው። ከኋላው ግን «ቪቢኤስ» የሚል ሌላ ቅጥያ፣ ማለትም የፋይሉን ዓይነት የሚናገር የስም መጨረሻ፣ ነበረው። ይህ ደግሞ ትእዛዝ የሚፈጽም ፋይል ነው። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ ሰው አላየውም። ሠሪው በፊሊፒንስ ቢታወቅም በጊዜው ድርጊቱን የሚቀጣ ሕግ ስላልነበረ ክሱ ተቋረጠ። በአገራችን ጎጂ ፕሮግራም ሆን ብሎ ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

ኢሞቴት የተባለው ቫይረስ ደግሞ ዘዴውን አረቀቀው። እ.ኤ.አ. በ2014 ታየ። በጊዜ ሂደት የተጠቂውን የድሮ ኢሜይል ምልልስ እየሰረቀ፣ ለዚያው ምልልስ መልስ መስሎ አባሪ መላክ ጀመረ። አስቡት፤ ባለፈው ወር ስለ በቆሎ ዋጋ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተጻጽፈዋል። ዛሬ በዚያው ርዕስ ሥር «የተስተካከለው ፕሮፎርማ ተያይዟል» የሚል መልስ ደረሰዎት። ማን ይጠረጥራል? የብዙ አገራት ፖሊሶች በጥር 2021 መረቡን ቢበጥሱትም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተመልሶ ታይቷል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ማረም ይገባል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገራትን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ራንሰምዌር ብዙ ጊዜ የኢሜይል ቫይረስ ተብሎ ይነገራል። ዋናው መንገዱ ግን ያልታደሰ ዊንዶውስ የነበረበት የኔትወርክ ቀዳዳ ነበር። መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት፣ ወጥቶ ነበር። የተመታው ሳያድስ የቆየው ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ኢሜይል መጠንቀቅ ብቻውን ሙሉ መከላከያ አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

በሩ የሚከፈተው እንዴት ነው?

ኢሜይሉን ከፍቶ ማንበብ በራሱ ኮምፒውተር ያበላሻል የሚለው ፍርሃት ከድሮ ጊዜ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በነበሩ የኢሜይል ፕሮግራሞች ይህ በእርግጥ ደርሷል። ዛሬ ጂሜይልን በብራውዘር ከፍቶ ጽሑፉን ማንበብ በአብዛኛው ችግር አያመጣም። አደጋው አባሪውን አውርዶ መክፈት ላይ ነው። ሊንክ መጫንም ከዚያው ይመደባል።

ቀላሉ መንገድ የተሸፋፈነ ፕሮግራም ነው። «ኢኤክስኢ» በሚል የሚያልቅ ፋይል ፕሮግራም ነው፤ ሲጫኑት ይነሳል። አጥቂው «የጨረታ ሰነድ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» ብሎ ይሰይመውና የፒዲኤፍ ምስል ይለጥፍበታል። ዊንዶውስ እስከ ዛሬ ድረስ ሲጫን የፋይል ቅጥያ ደብቆ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚታየው «የጨረታ ሰነድ.ፒዲኤፍ» ብቻ ነው። ጂሜይል እንዲህ ያለውን ፋይል በቀጥታ ሲላክ ይከለክላል። አጥቂው ይህን ስለሚያውቅ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ዚፕ ውስጥ ያስገባና ቃሉን ኢሜይሉ ላይ ይጽፈዋል። የተቆለፈ ዚፕ ውስጡ በመቃኛ አይታይም። ሰው «በይለፍ ቃል ስለተቆለፈ ጥንቃቄ አለው» ብሎ ያምናል። በእኔ እምነት የይለፍ ቃሉ ከአባሪው ጋር በአንድ ኢሜይል ከመጣ ያ ብቻውን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ማክሮ ነው። ማክሮ ማለት በዎርድ ወይም በኤክሴል ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ደመወዝ የሚያሰላ ሂሳብ ሠራተኛ በጥሩ ሥራ ሊጠቀምበት ይችላል። አጥቂው ግን ሰነዱን ያደበዝዘውና «ይዘቱን ለማየት ከላይ ያለውን ቢጫ መስመር ይጫኑ» ይላል። ሰውየው ሲጫን ማክሮው ይነሳል፤ ዋናውን ቫይረስ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ማይክሮሶፍት ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2022 ጠበብ አድርጎታል። ከኢንተርኔት በመጣ ሰነድ ውስጥ ያለ ማክሮ አሁን በአዲሶቹ ኦፊሶች ላይ በአንድ ጠቅታ አይነሳም።

ሦስተኛው የማክሮ ፈቃድ አይጠይቅም። ዎርድ ውስጥ የሒሳብ ቀመር መጻፊያ የነበረ አንድ የቆየ ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቀዳዳ ይዞ ቆይቶ በኅዳር 2017 ነው የተደፈነው። ያልታደሰ ዎርድ ላይ ሰነዱን ከጥበቃ ውጭ መክፈት ብቻ ይበቃል፤ የማክሮ ማስጠንቀቂያ የለም። አጥቂዎች ከተደፈነ ከዓመታት በኋላም ይጠቀሙበት ነበር። ያላደሰ ሰው ሁልጊዜ እንዳለ ያውቃሉ። የ2007 ኦፊስ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የ2010 ደግሞ በ2020 ተቋርጧል። ሁለቱም ዛሬ ድረስ በየቢሮው አሉ።

አራተኛው «ኤችቲኤምኤል» የተባለ የድረ ገጽ ፋይል ነው። ሲከፈት የጂሜይል መግቢያ የመሰለ ገጽ ያሳያል። ኮምፒውተሩን አይነካም፤ የይለፍ ቃሉን ይወስዳል። ከዚያ በተጠቂው ስም ለሌሎች ይላካል።

ፍላሽ ላይ የሚጠፋው ምልክት

ስለዚህ ጉዳይ ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። ለእኛ ሁኔታ ግን ከሁሉም በላይ የሚመለከተን ይመስለኛል።

ፋይል ከኢንተርኔት ሲወርድ ዊንዶውስ አንድ የተደበቀ ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክቱ «ይህ ከውጭ የመጣ ነው» ይላል። ዎርድ ይህን ምልክት ሲያይ ሰነዱን በጥበቃ ሥር ይከፍተዋል። ማክሮ ካለበት በቀይ መስመር ያግደዋል። ከላይ የተጠቀሰው የ2022 ጥበቃ ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ምልክት ላይ ነው።

ምልክቱ የሚቀመጠው ግን «ኤንቲኤፍኤስ» በተባለው የዲስክ አደረጃጀት ላይ ብቻ ነው። የኮምፒውተራችን ዋና ዲስክ እንዲህ ነው የተደራጀው። ገበያ ላይ የምናገኘው ፍላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ፋት 32» ወይም «ኤክስፋት» ነው። እነዚህ ምልክቱን አይዙም። ፋይሉ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ምልክቱ እዚያው ይራገፋል። አንዳንድ የቆዩ የዚፕ መክፈቻ ፕሮግራሞችም እንዲሁ አያሻግሩትም።

አሁን ቅብብሉን እንከተል። አንድ የፍኖተ ሰላም ነጋዴ የፕሮፎርማ ጥያቄ በኢሜይል ይደርሰዋል። ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ያስወርደዋል። ልጁ በፍላሽ ይገለብጥለታል። ነጋዴው ፍላሹን ይዞ ቢሮው ይገባል፤ ይሰካል፤ ይከፍታል። የቢሮው ኮምፒውተር ሰነዱን እዚያው ቤት የተጻፈ አድርጎ ነው የሚያየው። ቀዩ መስመር አይመጣም። የድሮው ቢጫ መስመር ይመጣል፤ አንድ ጠቅታ ብቻ ይጠይቃል። ማንም ሰው ጥፋት አልሠራም። ጥበቃው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

«እኔ ኢሜይል አልጠቀምም» የሚለው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል ከየት እንደመጣ አያውቅም። የሌላ ሰው ኢሜይል የእሱ ኮምፒውተር ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ለምን እዚህ ይከብዳል?

አንደኛው ምክንያት ኮምፒውተር ቤቱ መናኸሪያ መሆኑ ነው። ሥራ ፈላጊ ሲቪውን፣ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ መምህር የፈተና ወረቀቱን፣ ተጫራች የጨረታ ሰነዱን እዚያው ያሠራል። ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከዳንግላ ዙሪያ ለዚሁ ጉዳይ ወደ ከተማ የሚገባ አለ። አንድ ኮምፒውተር በቀን የብዙ ሰው ፍላሽ ይሰካበታል። የታመመ አንድ ፍላሽ ካለ ሌላው ይዞ ይወጣል። «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው የሚዞረውም በዚሁ መንገድ ነው። ማህደሮችን ይደብቅና በቦታቸው አቋራጭ ምልክት ያስቀምጣል። ፋይሉ አልጠፋም፤ ተደብቋል። ስለዚህ ፍላሹን ወዲያው ፎርማት ማድረግ ስህተት ነው።

ሁለተኛው የማሻሻያ መቋረጥ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መቋረጡ ለረጅም ወራት ቆየ። በስልክ ኢንተርኔት ብቻ የሚታደስ ኮምፒውተር በዚያ ጊዜ ሁሉ ሳይታደስ ከረመ። መስመር ሲመለስም አንድ የዊንዶውስ ማሻሻያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ፓኬጅ በገንዘቡ የሚገዛ ሰው ማሻሻያውን ቢያጠፋው አይፈረድበትም። ውጤቱ ግን ለአጥቂው የተመቸ ኮምፒውተር ነው።

ሦስተኛው ክራክ ነው፤ የሚሸጥን ፕሮግራም ሳይገዙ በመክፈቻ ቁልፉን ሰብሮ መጠቀም ማለት ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ወይም ኦፊስ የሚጭን ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። መክፈቻው ራሱ «አጥፋው» ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በተራ ተጠቃሚዎች ላይ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ስቶፕ ወይም ዲጄቩ የተባለ ራንሰምዌር በዋናነት የተሰራጨው በእንዲህ ያሉ ክራኮች ነው። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችንም እናስብ። ፓወር ግዕዝን የመሰሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ፕሮግራሙ ራሱ ጥፋት የለበትም። የማን እጅ እንደነካው የማይታወቀው ቅጂ ግን አደጋ አለው።

አራተኛው ማጥመጃው ከኑሯችን የተቀዳ መሆኑ ነው። የዲቪ ወቅት ሲመጣ «አሸንፈዋል፤ ቅጹ ተያይዟል» የሚል ኢሜይል ይዞራል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለአሸናፊዎች ማሳወቂያ በኢሜይል አይልክም። ሰው ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ነው የሚያየው። ይህን አንድ እውነት ማወቅ ብቻ ብዙ ሰው ያድናል። የነጻ ትምህርት ዕድል ደብዳቤና የሥራ ቅጥር ጥሪም በዚሁ መልክ ይመጣሉ። እስካሁን የተሰበረ እንግሊዝኛ ወይም የማሽን አማርኛ ሲታይ ያስጠረጥር ነበር። የቋንቋ ማሽኖች አማርኛ እየለመዱ ስለሆነ በዚህ ምልክት ለረጅም ጊዜ መተማመን አይቻልም።

አንቲቫይረስ ይበቃል ወይ?

በዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ «የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ካልገዛህ የለህም» ይላል። ሌላው «አንቲቫይረስ ኮምፒውተር ከማዘግየት በቀር ጥቅም የለውም» ይላል። ሁለቱም ያጋንናሉ።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር የተባለ መከላከያ ይዘው ይመጣሉ። ነጻ ነው፤ ለግለሰብና ለትንሽ ቢሮ ከታደሰ በቂ ሥራ ይሠራል። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 ላይ የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚያድስ አስታውቋል። ስለዚህ «አበቃለት» የሚለው ቃል ጠንከር ይላል። ዘበኛው አሁንም በር ላይ አለ። የተሰበረውን አጥር የሚጠግን ግን የለም። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የስርዓቱ ማሻሻያ እንጂ አንቲቫይረስ አይደለም።

መፍትሔ አለ። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ የሚያመሳስል ግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ ተጨማሪ ማሻሻያ ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል። ይህ ጊዜ መግዣ ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ለሁሉም አይሆንም፤ «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደህንነት ክፍልና ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ከአሁን በኋላ ስለ ራምና ስለ ዲስክ ብቻ ሳይሆን ስለ ፕሮሰሰሩ ትውልድም ይጠይቅ። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ የሚመክሩ ባለሙያዎችም አሉ። ነጻ ነው፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስም አይነሳበትም። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የዓመታት ሰነድ ላለው ቢሮ ግን ሽግግሩ ቀላል አይሆንም።

ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ ቢሮ ሲጠቃ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ከፈተው?» ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ ጸሐፊዋ ወይም የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ይሆናል። ይህን አካሄድ የሚደግፉ ሰዎች ጥንቃቄ የእያንዳንዱ ኃላፊነት ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የሥራ ማመልከቻ የምትቀበል ሠራተኛ ሥራዋ አባሪ መክፈት ነው። ግዥ ክፍልም ፕሮፎርማ ሳይከፍት ሥራ የለውም። «የማታውቀውን ሰው አባሪ አትክፈት» የሚለው ምክር ለእነዚህ ሰዎች ሥራ አትሥራ እንደማለት ነው።

ከዚህ የባሰ ጉዳትም አለው። ሰው ቅጣት ከፈራ ይደብቃል። አባሪው ሲከፈት እንግዳ ነገር ያየች ሠራተኛ ዝም ብላ ወደ ቤቷ ብትሄድ፣ ቫይረሱ በኔትወርኩ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ወዲያው ብትናገር ግን አንድ ኮምፒውተር ላይ ሊቆም ይችል ነበር። ስለዚህ ቶሎ የተናገረን ሠራተኛ ማመስገን ራሱ መከላከያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመከፈቱ በፊት

ለኮምፒውተር ቤቶች ቀላሉ ለውጥ አለማውረድ ነው። ጂሜይል ፒዲኤፍና ዎርድ ፋይሎችን እዚያው በገጹ ላይ ያሳያል። ሲታይ ፋይሉ የሚከፈተው በጉግል ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ባለው አይደለም። ለማተም ከተፈለገ ከዚያው ማተም ይቻላል። ደንበኛው ፋይሉን በፍላሽ ከመውሰድ በራሱ ኢሜይል ቢቀበለውም ምልክቱ አይራገፍም። ደንበኛ ሲሄድ ከአካውንቱ መውጣቱን ማረጋገጥም የቤቱ ክብር ነው።

ቅጥያ እንዲታይ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፋይሎች የሚታዩበትን መስኮት ከፍቶ፣ «ቪው» የሚለው ውስጥ ገብቶ፣ የፋይል ቅጥያ አሳይ የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ በኋላ «ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» ራሱን ያጋልጣል። በእያንዳንዱ ወረዳ ቢሮና ትምህርት ቤት ይህ ቢደረግ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ገንዘብ ወይም ማኅተም የሚነካ አባሪ ሲመጣ ስልክ መደወል ነው። ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ቁጥር። «አቶ እገሌ፣ ፕሮፎርማ ልከውልኝ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ሰውም ይተዋወቃል። ይህ ትልልቅ ከተሞች የሌላቸው ጥቅም ነው።

ምትኬ ላይ ግን ጨከን ማለት ያስፈልጋል። የታወቀው ስሌት ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል። የፋይሉ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ ማለት ነው። ብዙ ቢሮ ምትኬ አለኝ የሚለው ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የሚውል ውጫዊ ዲስክ ነው። ራንሰምዌር ሲገባ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። ዲስኩ አርብ ከሰዓት ተሰክቶ፣ ተገልብጦበት፣ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ቢገባ ዋጋው እጅግ ይለያል።

ከተከፈተ በኋላ

መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ይቋረጥ፤ ገመድም ዋይፋይም። የተሰካ ፍላሽና ዲስክ ይነቀል። ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት በስልክ ፎቶ ይነሳ። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃል ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይቀየር። በአድራሻ መዝገቡ ላሉ ሰዎች «በስሜ አባሪ ቢመጣ አትክፈቱ» ተብሎ ይነገር።

ፋይሎቹ ከተቆለፉ ቤዛ መክፈል መፍትሔ መሆኑ አስተማማኝ አይደለም። ከፍለው ያልተከፈተላቸው አሉ። ገንዘቡም የሚቀጥለውን ጥቃት ይደግፋል። የከፈሉትን መውቀስ ግን ይከብዳል፤ ምትኬ የሌለው ሰው ሌላ አማራጭ አይታየውም። የደች ፖሊስ፣ ዩሮፖልና ሁለት የደህንነት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ነጻ ድረ ገጽ ከፍተዋል። ለአንዳንድ ራንሰምዌሮች መክፈቻ ይገኝበታል። ለዲጄቩም ለተወሰኑ ዓይነቶቹ የሚሠራ ነጻ መክፈቻ ወጥቷል። ስለዚህ ጠጋኙ «ፎርማት ላድርገው» ሲል ቆይ ማለት ይጠቅማል። የተቆለፉት ፋይሎች በሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጠው ይቆዩ። ዛሬ ያልተገኘ መክፈቻ በዓመቱ ሊወጣ ይችላል። መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ማሳወቅ ይችላሉ።

የተነቀለው ፍላሽም አለ። እሱን ወስዶ በጎረቤት ኮምፒውተር ላይ «እስኪ እዚህ ይከፈት እንደሆነ» ብሎ መሰካት የተለመደ ነው። በኮፒ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በወንድም ላፕቶፕ ላይ ይሞከራል። ተፈትሾ እስኪጸዳ ድረስ የትም አይሰካ። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ለብቻው ይቀመጥ።